ግማሽ ዜማ ይዤ ቆሰበር

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ቆሰበር ስሄድ ጉዳዬን ጨርሼ በመጣሁበት ሚኒባስ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ግን የጀርባ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ለአራት ቀን ዘፈን ብቻ ልሰማ ነበር የሄድኩት። እንጅባራ የሚለውን ስም መሥሪያ ቤቱና ታፔላው ይጠቀሙበት፤ እኔ እናቴ ቆሰበር ስትል ስላደግሁ ለእኔ ቆሰበር ነው።

የወሰደኝ አንድ ዜማ ነው። እናቴ ማናየሽ ዳንግላ ቤታችን ጓሮ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው፣ ቃል የሌለው ዜማ። ትንሽ ታንጎራጉርና ዝም ትላለች። እጇ ልብሱን ያሻል፣ አፏ ይጠብቃል፤ ከዚያ ደግሞ ትቀጥላለች። ቃሉን ስጠይቃት "ረስቸዋለሁ፣ ደግሞም ዓለማዊ ነው፣ ተይኝ" ነው መልሷ። ከቆሰበር ወዲያ ካለው ጥርባ፣ ከገበሬ ቤት ወጥታ፣ አባቴን አግብታ፣ የእኛ የጴንጤዎቹ ጉባኤ አባል ከሆነች ወዲህ ከመዝሙር በቀር በቃል የዘፈነችው የለም። ማንጎራጎሩን ግን ጌታም የተወላት ይመስለኛል።

እኔ ደግሞ ማንም ያላስተማረኝ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የቤተ ክርስቲያናችንን ኪቦርድ፣ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ በሁለት ጣት ጀምሬ በዐሥር ጣት ጨረስኩት። የመዘምራኑ መሪ ጢሞቲዎስ ኮርስ ወስጃለሁ እያለ የሚፈራውን ዜማ እኔ አንዴ ሰምቼ እይዘዋለሁ። ስለዚህ አንድ እሑድ፣ ሰው ለጸሎት ጎንበስ ሲል፣ የእናቴን ዜማ ተጫወትኩት። ዝም የምትልባቸውን ቦታዎች ሁሉ ከራሴ በፈጠርኩት ጌጥ ሞላኋቸው። ጉባኤው "ሃሌሉያ!" አለ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ቤት ደርሼ "ምን አጠፋሁ?" አልኳት።

"አጨናነቅሽው።"

"ባዶ ነበራ!"

"ባዶ አይደለም" አለችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ይኼ እግር ውስጥ እንደ ቀረ እሾህ ሆነብኝ። በገዛ ቤቴ የማላውቀው ዜማ ይኑር? ጥር ሲጋመስ፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል የአዊ ዘፋኝ ሁሉ ቆሰበር እንደሚሰበሰብ አውቅ ነበርና፣ ቃሉን ሳላገኝ ብመለስ ኪቦርድ አልነካም ብዬ ማልኩ።

ከሚኒባሱ ስወርድ ከተማው ከዳር እስከ ዳር ይዘፍናል። ባጃጁ ሁሉ የየራሱን ዘፈን ከፍቷል። ሞባይል ጠጋኙ ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ከፊት ለፊቱ ካለው ጸጉር ቤት ጋር ይፎካከራል። በመካከሉ ፈረሰኞች ቃጭላቸውን እያንቃጨሉ ያልፋሉ፤ ጎረምሶች ከኋላቸው አቧራውን እየረገጡ ይጨፍራሉ። እንደዚያ ያለ ጫጫታ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ወይ ከተማው ዝም ብሏል፣ ወይ እኔ ሌላ ሰው ሆኛለሁ።

"ቱሪስት ነሽ?" አለኝ አስማረ የሚባል ባለባጃጅ፣ ቦርሳዬን አይቶ።

"ከዳንግላ ነኝ።"

"ከዳንግላም ቱሪስት ይመጣል? በአውሮፕላን ነው በጋሪ?"

"በጋሪ። ፈረሱ ካንተ ባጃጅ ስለሚፈጥን ቀድሜ ደረስኩ።"

ሳቀና ዘፋኞቹ ወደሚያርፉበት ዳስ ወሰደኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያገኘሁትን ዘፋኝ እያስቆምኩ ዜማዬን አሰማሁ። አንዷ የሠርግ አደረገችው። አንዱ ፉከራ አድርጎት ዱላውን ነቀነቀ። ሌላው "እንዲህ ያለ ዘፈን የለም፣ እናትሽ ፈጥራው ይሆናል" አለኝ። ለእሱ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሳምነው የሚባሉ ባለማሲንቆ አገኘሁ። ማሲንቋቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ዳሱ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከነጌጡ አንጎራጎርኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"አሁን ያንቺን አውጪና የእናትሽን ብቻ ስጪኝ" አሉ።

ከየት አወቁት? ፊቴ ጋለ። እናቴ እንደምትለው፣ ዝም በምትልበት ዝም እያልኩ ደገምኩት።

"እኅት ዓለም፣ ይሄ ግማሽ ነው።"

"እንዴት ግማሽ?"

"እናትሽ ተቀባይ ነበረች። ዝም የምትልበት የአውራጇ ቦታ ነው። የአረም ዘፈን ነው፤ ወደ ጥርባ ያሉ ሴቶች ዳጉሳ ሲያርሙ፣ አንዷ እያወረደች ሌላዋ እየተቀበለች የሚሉት።"

"ታዲያ የአውራጇን እርስዎ ይንገሩኛ፣ ጋሼ።"

"በሴቶቹ ተርታ ማን አስገባኝ? ከሩቅ ነው የሰማሁት። ይልቅ አውራጇን ፈልጊ።"

ከጫጫታው ራቅ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አውራጅሽ ማን ነበረች?"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። "ሃሎ? እማዬ?"

"ማን ነገረሽ?"

"መልሺልኛ!"

"ውዴ" አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ አነሰብኝ። "አረሙን ሳንጨርስ ጥያት ነው የወጣሁ። ደህና ሁኝም አላልኳት። ሃይማኖት ልለውጥ ነው፣ ላገባ ነው ብላት ታለቅስብኛለች ብዬ ፈራሁ። አንድ ተርታ ቀርቶን ነበር።"

አስማረ ጥርባ ድረስ አደረሰኝ። ውዴን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እትዬ ውዴ ከቤታቸው ጀርባ፣ የነጭ ሽንኩርት መደብ ውስጥ ቁጢጥ ብለው ሣር ይነቅላሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ። የማናየሽ ልጅ ነኝ።"

ቀና ብለው ከእግሬ ጀምረው እስከ ራሴ አዩኝ።

"በአፍንጫሽ አውቄሻለሁ። እሷ ምነው፣ እግሯ ተሰበረ?"

"ዜማውን አውቀዋለሁ። ቃሉን ብቻ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።" እንዲያምኑኝ ብዬም ጀመርኩት። ደንግጬ ነው መሰለኝ፣ ዝምታዎቹን መልሼ ሞላኋቸው።

"አንች ልጅ፣ ስንት አፍ ነው ያለሽ? እኔ የምገባበትን በር ሁሉ ዘግተሽው!" አሉ። "አፍሽን ዝጊ፣ እጅሽን አሠሪ። ይህ ዘፈን ሣር ሳይነቀል አይወጣም።"

ቦርሳዬን አጥሩ ላይ ሰቅዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። በሕይወቴ አፍሽን ዝጊ ተብዬ የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙ ከነቀልን በኋላ ድምፃቸው መጣ፤ ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ። ቃሉ አገውኛ ነው። የእኔ አገውኛ የገበያ አገውኛ ቢሆንም ይህን ግን ተረዳሁት።

"በነሐሴ ጉም ይወርዳል" አሉኝ ቆም ብለው። "ጎን ለጎን የምታርሚያት ጓደኛሽ አትታይሽም። በድምፅ ነው የምትያያዙ።"

አውራጇ የት ደረስሽ ትላለች። ተቀባይዋ አጠገብሽ ነኝ ትላለች። አውራጇ ጉሙ ወሰደሽ ወይ ትላለች። ተቀባይዋ ድምፄን ያዥ፣ አጠገብሽ ነኝ ትላለች። ቃሉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዳንግላ፣ የልብስ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ እናቴ ስትመልስ የኖረችው ይህን ነው። እኔ ደግሞ መሐሉን በኪቦርድ ጌጥ ደፈንኩት። ስልኬን አወጣሁ።

"ይድገሙልኝ እትዬ፣ ቀድቼ ልወስድላት።"

"ድምፄ በጀሪካን የሚወሰድ ውኃ ነው? ከፈለገች ትምጣ። እኔ አልሞትኩ፣ መንገዱም አልተቆረጠ።"

አጥሩን ተደግፌ እንደገና ደወልኩ። "እማዬ፣ ነገ በጠዋት ተሳፈሪ።"

"ነገ የእኅቶች ጸሎት..."

"እማዬ፣ 'የት ደረስሽ?' እያሉሽ ነው።"

ዘጋችብኝ። እትዬ ውዴ ዘጋችብሽ ወይ ብለው አልጠየቁም። ድንች ቀቅለው አበሉኝ፤ ፍራሽ አነጠፉልኝ። እንደምትመጣ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እናቴ ከእኔ የባሰች ኩሩ ናት።

በማግስቱ በዓሉ ነበር። እዚያ ድረስ የመጣሁለት ቀን! ፈረሰኞቹ በለምድና በጌጥ ወደ ከተማ ሲወርዱ እኔ ጥርባ መንገድ ዳር ቆሜ ከቆሰበር የሚመጣውን መኪና እቆጥራለሁ። ሚኒባስ መጥቶ ያልፋል፣ ሌላውም ያልፋል። እኩለ ቀን ሲሆን የአስማረ ባጃጅ መጣ። እናቴ ወረደች። ጫማዋ የእሑድ ጫማ ነው።

"በዓሉን ትተሽ ፀሐይ ላይ ምን ያስቆምሻል?" ብላ ተቆጣችኝ።

ጓሮው በር ስትደርስ ቆመች። እትዬ ውዴ ከመደቡ አልተነሡም።

"በሩን ዝጊው፣ ላሟ ትገባለች።"

እናቴ በሩን ዘጋች። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና በቀኛቸው ቁጢጥ አለች።

"በግራዬ ነበርሽ" አሉ እትዬ ውዴ።

"በቀኝ ነበርኩ።"

"በግራ! በቀኝ የነበረችው ታናሽ እኅቴ ናት።"

"እኅትሽ ሳትወለድ?"

"አይ ማናየሽ፣ ድሮም ስትዋሽ አፍንጫሽ ይቀላል።"

እናቴ ተነሥታ በግራ ዞረች። ሣር ነቀሉ፤ እኔም ከጥጉ ያዝኩ። ከዚያ እትዬ ውዴ አወረዱት፤ የት ደረስሽ ብለው። እናቴ ልብስ ስታጥብ እንደምታደርገው አፏን ገጥማ አንጎራጎረች።

"በአፍንጫሽ ነው የምትመልሽልኝ?"

እናቴ ዞራ አየችኝ። አቀርቅሬ ወደ ሣሬ ተመለስኩ። በአገውኛ፣ በሰለለ ድምፅ፣ ከዜማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ፣ አጠገብሽ ነኝ አለች።

"ዘገየሽ።"

"ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።"

"እንግዲያው እንደገና!"

እንደገና አሉት። በሦስተኛው የእናቴ ድምፅ ተከፈተ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር፣ መዘምራኑም አያውቁም። መደቡ አለቀ። እትዬ ውዴ አንዲት ሣር ወደሌለችበት ሁለተኛው መደብ ዞሩ፤ እናቴም ተከተለቻቸው። ከከተማው በኩል የድምፅ ማጉያው ጩኸት በነፋስ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ዓይኔን እነሱ ላይ ተክዬ፣ ሣር መስሎኝ ሁለት ሽንኩርት ከነሥሩ ነቀልኩ። እትዬ ውዴ አይተውኛል፤ ግን እኔን ለመስደብ ብለው ዘፈኑን አላቋረጡም።