አንዴ ሲስቡት የሚፈታ

የፊልም ኤዲተሯ ለቀዛፊዎች ፌስቲቫል የቀዘፋ ፊልሞችን የመምረጥ ሥራ የተሰጣት ዕለት ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ጀልባ የሚባል ነገር ዳግመኛ ባታይ ትመርጣለች። ሁሉም ፊልም አንድ ነው። ጎህ ይቀዳል፤ አንድ ጢማም ከድንኳኑ ወጥቶ ሩቅ ሩቁን ያያል፤ "ወንዙ አስተማሪዬ ነው" ይላል፤ ከዚያ ፏፏቴ፣ ከዚያ ጩኸት። ወንዙ ምን እንዳስተማረው አንዱም አይናገርም።

ከሁሉም ይልቅ ጨጓራዋን የላጠው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ፊልም ነው። ወንድሟን ጓደኞቹ ጉማሬው ይሉታል። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ቀዝፎት ወደማያውቅ ወንዝ ሊሄድ ተነስቷል፤ እናቱ ካልመረቁት ደግሞ ከደጅ አይወጣም፤ ለዚህ ለዚህ ጨዋ ነው። እናትየው "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤ ዓይኔ ሳያይማ አልመርቅም" ብለው ያለፈው ጉዞው የተቀረጸበትን ፊልሙን ሊያዩ መጥተዋል።

ስለዚህ ኤዲተሯ ጉማሬው ከነጀልባው ተገልብጦ ውሃ ውስጥ የቆየበትን ቦታ ከፊልሙ ቆርጣ አወጣችው።

"ፊልሙ እኮ እሱ ነው!" አላት ጉማሬው።

"እማዬ እሱን ካየች አዲሱን ወንዝ አንተ በካርታ ብቻ ነው የምታየው።"

"ውሸት ነዋ!"

"አታድርቀኝ! ሂድና ስክሪኑን እሰር።"

ይህን በማለቷ በኋላ ራሷን ረግማለች። ፌስቲቫሉ ሜዳ ላይ ስለሆነ ስክሪን የሚወጥሩት ቀዛፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጉማሬውም ገመዱን እጁ እንደለመደው አሰረና ሄደ።

እናትየው ዓይናቸው ደከም ስላለ ከፊት፣ ከስክሪኑ ቋሚ ሥር ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ። ልጃቸው ጀልባው ላይ ሆኖ በዚያ በማያምር ድምፁ ሲዘፍን ከት ብለው ሳቁ፤ ኤዲተሯም ተንፈስ አለች። ከዚያ ፏፏቴው መጣ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ደፍታ ወረደችና አረፋው ዋጣት። ወዲያው ብቅ ትላለች፤ ኤዲተሯ ቆርጣ የቀጠለችው እንደዚያ ነው። እናትየው ግን አልጠበቁም። "ልጄን!" ብለው ጮኹና እጃቸው ያገኘውን ጨበጡ። ያገኘው ከቋሚው የተንጠለጠለውን የገመድ ጫፍ ነበር፤ ሳቡት። ስክሪኑ ወርዶ እሳቸውንም የፊት ተመልካቾችንም አለበሳቸው። ፏፏቴው ከኋላ ባለው የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ መውረዱን ቀጠለ።

"ማነው ያሰረው?" ብላ ኤዲተሯ ጮኸች፣ ማን እንደሆነ እያወቀች። "ገመድ ማሰር እንኳ ያቅትህ?"

"መች አቃተኝ? እኛ የምናስረው እንዲህ ነው። አንዴ ሲስቡት እንዲፈታ።"

"ስክሪን ነው እኮ! መፈታት ምን ያደርግለታል?"

እናትየው ሻሻቸው ተንሸራቶ ከጨርቁ ሥር ብቅ አሉ። ገመዱን አሁንም አለቀቁም። "ለምንድነው እንዲፈታ የምትፈልጉት?"

ጉማሬው እህቱን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት፤ ዓይኗንም አፈጠጠችበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

"ጀልባ ሲገለበጥ ገመድ እግር ይይዛል፣ እማ። ካልተፈታ እዚያው ያስቀራል።"

"ተገልብጠህ ታውቃለህ?"

"አዎ። ገመድም ይዞኛል። ስቤው ነው የወጣሁት። ፊልሙ ላይ ነበር፤ እሷ ቆረጠችው።"

 ያን ሁሉ የኤዲተሯን ድካም ውሃ በላው። መቅዘፊያ በእጇ ቢኖር ኖሮ እናቷ ፊት ታቀምሰው ነበር።

"እሰረውና ልየው" አሉ እናትየው።

ወንበር ላይ አሰረላቸው። ሳቡት፤ ተፈታ። ደግሞ አሳሰሩት፤ ደግሞ ሳቡት። ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ አስተናባሪው ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሳቸው እቴ! የልጃቸውን ጣቶች እያዩ እንደገና እሰር አሉት። 

በመጨረሻ ተነሱ። ሰዎቹ ስክሪኑን ወደ ላይ ሲይዙላቸው ገመዱን በገዛ እጃቸው ከቋሚው ጋር አሰሩት፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ እየደረቡ፣ ያለ ቢላዋ በማይፈታ አስተሳሰር።

"ስክሪን እንዲህ ነው የሚታሰር፤ የትም አይሄድ።" ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። "አንቺ የቆረጥሽውን መልሺ። ሁሉንም ነው የማየው።"

"እማዬ፣ ይቅርብሽ…"

"መልሺ አልኩ!"

ከዚያ ጉማሬውን በእጅጌው ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት። "አንተ ግን እንደዚያው እሰር። ሁልጊዜ እንደዚያው። በል ና፣ ጎንበስ በል።"