ላቀው የማይወደው ቀለም

ላቀው ጡረታ ከወጣ ወዲህ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አይነሣም። ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ሲቀምም የኖረ ሰው፣ አሁን ጋቢውን ተከናንቦ መካኒሳን በመስታወት ያያል። ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎታል፤ የንስሐ አባቱም መክረውታል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚስቱ ጸሐይወርቅ እንዲሁ እንደተቀመጠ እንዳያልቅባት ፈራች።

ግቢዋን የምታለማው ለእሱ ዓይን ነበር። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ አጥሩ ሥር ሐምራዊ፤ ሁሉም ድሮ እሱ ባስተማራት የቀለም ስምምነት። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ አበቦቹ ከጉሙ ይቀላቀሉና ግቢው መሬት የለቀቀ ይመስላታል። ውኃ ማጠጫዋን እንደያዘች፣ ተኝታ ይሁን ነቅታ ሳታውቀው ትቆማለች። ላቀውም ከመስታወቱ ወዲያ ፈዞ ይቀመጣል። መቼም ያምር ነበር። ምን ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ ማማር ሰውን ያስተኛል እንጂ አያስነሣም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት ላቀውን በሕልሟ አየችው። ወጣት ነው፤ አንድ ጣቃ ጨርቅ ይዞ ይጮኻል። «ብርቱካናማን ሰማያዊ መሐል ያስገባው ማነው? ሁለቱ ይጣላሉ!» ነቃችና ብቻዋን ሳቀች። ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጠው ወደ ሮበሌ ሄደች።

«ብርቱካናማ ስጠኝ። እሳት የመሰለውን።»

«ከእኔ ከወሰዱት ከዚያ ሰማያዊ ጋር? ዓይን ይወጋል እኮ፣ እትዬ!»

«እንዲወጋልኝ ነው።»

ከመስኮቱ ሥር፣ ሰማያዊው መሐል፣ አሥራ ሁለት ችግኝ ተከለች። በሦስተኛው ሳምንት ፈኩ።

ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? ላቀው መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በማግስቱ የቆሸሸ መስሎት መስታወቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አበቦቹ ጉሙን ሰንጥቀው ሲበሩ፣ የቤቱ በር ሲጢጥ አለ።

ጋቢውን እየጎተተ፣ በባዶ እግሩ ጤዛውን እየረገጠ ውኃ ወደምታጠጣው ሚስቱ መጣ።

«አንቺ ምን ነካሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ኖረሽ ይሄን ትተክያለሽ?» ጎንበስ ብሎ አንዱን ከነሥሩ መነጨቀው።

ጸሐይወርቅ ዓመት ሙሉ ይህን ቁጣ ናፍቃ ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ላቀው አበባውን እንደያዘ ደነገጠ። «ኧረ አታልቅሺ... መንቀሌን ከጠላሽ ልተወው።»

«ንቀለው» አለችው፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «ሁሉንም ንቀል። እኔ ነገም እተክላለሁ።»