ስንጥቁ ላይ የተለጠፈችው ሳጥን

ልብስ ሰፊዋ ሳጥኗን ገና ከመጀመሪያው አላመነቻትም። የሕንፃ ባለሙያው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ፣ የሳሎኗን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በተረተረው ስንጥቅ ላይ አጋድሞ ለጠፋት። የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው፤ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ስንጥቁ የፀጉር ያህል እንኳ ቢሰፋ ቢሯችን ድረስ ትነግረናለች» አላት።

«ሌላስ ምን ትነግራችኋለች?»

ባለሙያው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ብዙም ሳይቆይ አከራዩ እቤቷ የሚወራውን ሁሉ ያውቅ ጀመር። «ቧንቧውን ካላሠራ እከሰዋለሁ» ባለች ማግስት ደረጃው ላይ ጠብቆ፣ «ልትከሺኝ ነው አሉ?» አላት። ስትናገር አብራት የነበረችው ታናሽ እህቷ ብቻ ናት፤ እህት ደግሞ ሥጋ ናት፣ አትጠረጠርም። ታዲያ ከሳጥኗ ሌላ ማን ይሆናል?

ልትፈትናት ቆረጠች። ሳጥኗ ሥር ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እኔስ በቃኝ፣ ቅዳሜ ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ!» አለች።

«የምርሽን ነው እትዬ?» አለች እህቷ።

በነጋታው አከራዩ ሜትር ይዞ ክፍሎቹን ሊለካ መጣ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘጋችበት፤ ሳጥኗን በመቀስ ፈንቅላ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ወረወረቻት።

ሰዓት ሳይሞላ ባለሙያው እያለከለከ ደረሰ።

«ግድግዳው የተናደ መስሎኝ!»

«አልተናደም። የምትሰልለኝን ነው ያፈንኳት።»

ባለሙያው ሳጥኗን ከባልዲው አውጥቶ ፈታታት። «ይኸው፣ መስሚያ የሚባል ነገር የላትም። የምታውቀው የስንጥቁን ስፋት ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ዞረች። እህቷ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ እያጠበች ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«አከራዩ አንቺ ስትወጪ ቤቱን ለኔ እንደሚያከራየኝ ቃል ገብቶልኝ ነው... ዕድሜ ልኬን ባንቺ ጥላ ልኑር እትዬ?»

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «በሰው ቤት ጉዳይ በመግባቴ ይቅርታ፤ ግን ዛሬውኑ ውጡ። ሳጥኗ እንደነገረችን ስንጥቁ ከትናንት ማታ ወዲህ ብቻ ሁለት ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። አከራዩ ምድር ቤት ሱቅ ላስፋ ብሎ ምሰሶ ነክቷል።»

ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ባዶውን ቀረ፣ በሩም ታሸገ። ሁለቱ እህትማማቾች ሌላ መሄጃ ስላልነበራቸው አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ገቡ። ታናሺቱ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ታላቂቱም ይቅር አለቻት።

ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እህቷ «መጣሁ» ብላ በወጣች ቁጥር ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ታስቀምጥና፣ በየት በኩል እንደታጠፈች በመስኮት ታያለች።