የእድራችን ፊት ሆስፒታል ተኝቷል

1.

«ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያድርጉ። አሁን ፈገግ ይበሉ።»

ስልኩ እንዲህ ይለኛል። ፈገግ! እኔ ፈገግ ብል ምን ሊጠቅመው? የሚፈልገው የኔን ፊት አይደለም። ቢሆንማ ኖሮ ጥርሴን እስከ ድዴ አሳየው ነበር።

የሚፈልገው የጋሽ ወንዳፍራሽን ፊት ነው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ደግሞ እዚሁ ኑርንበርግ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ተደርጎላቸው ተኝተዋል።

2.

ከመጀመሪያው ልጀምር ነበር፤ ግን ጊዜ የለም። ባጭሩ እድር አለን። እዚህ ጀርመን አገር ያለን አበሾች በየወሩ እናዋጣለን፤ ከመሃላችን ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገሩ እንልካለን። የእድሩ ገንዘብ ያለው በስልክ ብቻ በሚሠራ አንድ የእንግሊዝ ባንክ ነው። ቅርንጫፍ የለው፣ መስኮት የለው፣ ሲናደዱ ጠረጴዛ የሚደበድቡበት ቢሮ የለው።

ከዚያ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች። ትውጣ! እኔ ምን አገባኝ፣ ሰው ሲሰለቸው ከማኅበር ይወጣል ብዬ ነበር።

አገባኝ።

3.

የባንኩ መልእክት፣ እኔ ትርሲት እንደተረጎምኩት፦

«ውድ ደንበኛችን፣ እንግሊዝ ከኅብረቱ በመውጣቷ በአውሮፓ የሚኖሩ ደንበኞችን የማገልገል ፈቃዳችን አብቅቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ገንዘብዎን በአውሮፓ ባንክ ወዳለዎት ሌላ ሂሳብ ያዛውሩ። እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ ፊትዎን ያሳዩ። አለበለዚያ ሂሳብዎ ይዘጋል፤ ገንዘቡንም በጽሑፍ አመልክተው ይጠይቃሉ።»

«ውድ ደንበኛችን» ማለት ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። ሂሳቡ በሳቸው ስም ነው።

ወሩ አርብ ያልቃል።

4.

«ለምን በማኅበሩ ስም አልከፈታችሁትም?» ልትለኝ ነው አንባቢ። በል ጠይቅ፣ መብትህ ነው።

ሞክረን ነበር። ጀርመኖቹ የማኅበር ምዝገባ አምጡ፣ ደንብ አምጡ፣ ማኅተም አምጡ አሉን። የኛ እድር ምን ማኅተም አለው? እድር የሚቆመው በሚታፈር ሰው ነው። ስለዚህ ከመሃላችን የሚታፈሩትን ሽማግሌ መርጠን በሳቸው ስም ከፈትን። ስልኩና የሚስጥር ቁጥሩ እኔ ጋ፣ ፊቱ እሳቸው ጋ።

ትልቅ ሰው ስንመርጥ፣ ትልቅ ሰው ቀድሞ እንደሚታመም ያሰበ አንድም አልነበረም። እድር ውስጥ! ሞት ዋና ሥራችን ሆኖ! ወይ እኛ።

5.

ባንኩን ብቻ አልሰድብም። የኛም ጉድ አለ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ እጃቸውን ይዞ፣ ረጅም ነገር ተናገረ። ጋሼ ጀርመንኛ አይሆንላቸውም። አስተርጓሚው የእድሩ ሊቀመንበር ልሳነወርቅ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ሳንባቸው አልቋል፣ ቢበዛ ሳምንታት ነው፣ የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይናገሩ አለ።

ልሳነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገና ተረጎመ።

«ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግዎታል ነው የሚለው።»

እኔም አላረምኩትም። በሽተኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርማ!

6.

መልእክቱ ከመጣ በኋላ የእድሩ ሰዎች ስለ ባንኩ ሊነግሯቸው

ሄዱ።

ተመለሱ።

ሄዱ።

ተመለሱ።

ልሳነወርቅ ብርቱካን ይዞ ሄደ፤ ስለ አየሩ አውርቶ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ «እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ለኔ ተዉት» ብላ ሄደች፤ ገና ስታያቸው እንባዋ መጣና «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ወጣች።

7.

ስልክ። እኔና ልሳነወርቅ።

— ነገርካቸው?

— ጨዋታው አልተመቸም።

— አርብ ሊዘጋብን ነው እኮ!

— የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ትርሲት። ተኝቶ ያለ ሰው ፊት የእድር ገንዘብ እንዴት ይነሳል? ሟርት ነው።

— ሳናነሳው ቀርተን እዚሁ ቢቀበሩስ?

— ኧረ ምላስሽን ንከሺ!

— ይኸው ነከስኩ። ባንኩ ቀኑን አራዘመልን?

ዘጋብኝ። እሱ ነው እንግዲህ ሊቀመንበራችን።

8.

ይህን ቁጥር መዝለል ፈልጌ ነበር። 

እዚህ ከተማ የመጣሁ ቀን ባቡር ጣቢያ የተቀበሉኝ ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። አያውቁኝም ነበር። ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝና እሳቸው በሹራብ እየተንቀጠቀጡ «ብርዱን ትለምጂዋለሽ፤ እኔ አልለመድኩትም፣ አንቺ ግን ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። እወዳቸዋለሁ። እንደ አባቴ አይደለም፣ አባቴን እንዲህ አልወደውም።

በየስብሰባው መጨረሻ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። «አደራ፣ እኔን ይርጋለም፣ ከአመለወርቅ አጠገብ።» አመለወርቅ ባለቤታቸው ናት፤ አገር ቤት ነው ያረፈችው። «እዚህ ብቀበር ከማን ጋር ላወራ ነው? ቋንቋውን በደህናዬም አልቻልኩት» ይሉና ይስቃሉ። እኛም እንስቃለን።

ሂሳቡ ተዘግቶ እሳቸው ቢያርፉ ገንዘቡ የውርስ ጉዳይ ይሆናል። ፍርድ ቤት፣ ወራሽ፣ ወረቀት። እስከዚያ አስከሬን አይጠብቅም። አደራቸውን በልተን እዚሁ ልንቀብራቸው ነው።

9.

በሽተኛን ስለ ባንክ ለማናገር፣ ለራሴ የጻፍኩት መመሪያ፦

አንኳኪ። ግቢ። «እግዜር ይማርዎ» በይ። ትራሱን አስተካክዪ። ትራሱ ደህና ነው፤ ግድ የለም፣ አስተካክዪ። አትቀመጪ፤ ከተቀመጥሽ ስለ አየሩ ታወሪያለሽ። ከእንግሊዝ ጀምሪ። እንግሊዝ ሩቅ ናት፣ ማንንም አታስደነግጥም። የእድሩን ስም ቶሎ ብለሽ እለፊው።

አታልቅሺ።

10.

ሊፍት ውስጥ ነኝ።

 

 

11.

ትርሲት፦ እግዜር ይማርዎ ጋሼ። እንዴት አደሩ?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ይመስገን። ብርቱካን ይዘሽ ከሆነ መልሺው። ልሳነወርቅ ሱቅ ሊያስከፍተኝ ነው።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ የለ...

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ እንዴ! አሁን ነው የምትነግሪኝ? እሱ እኮ ያረጀ ወሬ ነው።

ትርሲት፦ ባንኩ አውሮፓ ያሉ ደንበኞቹን አላስተናግድም አለ። የእድሩን ገንዘብ ጡረታዎ ወደሚገባበት፣ እኔ ውክልና ወዳለኝ የጀርመን ሂሳብ እናዛውረው። ለዚያ ፊትዎን ማየት ይፈልጋል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ይህን ፊት? (ቱቦውን ይነካሉ።) አይ እንግሊዝ! በደህናው ጊዜ ሳትጠይቂኝ።

ነርሷን ጠራኋት፤ ቱቦውን ለአፍታ አነሳችላቸው። ስልኩን ያዝኩላቸው። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

ስልኩ፦ ፊትዎን መለየት አልቻልንም። እንደገና ይሞክሩ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አትፍረጂበት፣ እኔም መስታወት ሳይ እጠራጠራለሁ።

ስልኩ፦ ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያድርጉ።

ትርሲት፦ እንደሱ ጋሼ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ። እንደሱ።

ስልኩ፦ አሁን ፈገግ ይበሉ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ቆይ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ፈገግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ቆይ አልኩሽ። ልሳነወርቅ መጥቶ ስለ ደመና አወራኝ። ጥሩወርቅ በሐምሌ ጉንፋን ያዘኝ አለችኝ። ሐኪሙ ያን ሁሉ ሰዓት ተናግሮ ሲተረጎም አንድ ዐረፍተ ነገር ሆነ። ጀርመንኛ ባልችልም፣ ረጅምና አጭር እለያለሁ።

ትርሲት፦ ጋሼ...

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አንቺ ደግሞ ከመጣሽ አልተቀመጥሽም። አንቺ እውነት ትናገሪያለሽ፣ ባለጌ ነሽ፣ ለዚህ ነው የምወድሽ። እስቃለሁ። አንድ ነገር ንገሪኝና እስቃለሁ። እድሩ እንዲህ የሚጣደፈው ለማን ነው?

ስልኩ፦ አሁን ፈገግ ይበሉ።

ትርሲት፦