የጋቢናው ምስክር

የዘገዬን እጅ የጨበጠው ይህ እጄ ዛሬም ያስጠላኛል።

አርባ ዓመት የባቡር ፍሬን ስፈትሽ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ። አንዲት ብሎን ሳላይ ፈርሜ አላውቅም። ሻጩ ያገሬ ሰው ሲሆን ግን ዓይኔን ጨፈንኩ።

ባለቤቴ ሀረገወይን ወገቧን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ አትችልም። ልጃችን ሳሮን ሀምቡርግ ናት፤ መስከረም ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። ባለፈው በባቡር ሞክረን መንገዱን ሳናጋምስ ካስል ላይ በእንባ ወርደናል። ተኝታ ካልሄደች ልጇን አታርስም። ስለዚህ ያገለገለ ቮንሞቢል፣ አልጋና ምድጃ ያለው የጉዞ መኪና፣ ማፈላለግ ጀመርን። የአገር ልጆች ማኅበራችን አባል ዘገዬም ሰማ።

ዘገዬ በሚኖርበት ዞሰንሃይም ሰፈር ከሕንፃዎቹ ጀርባ አንድ አቁሟል፤ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ተኩል ነው። ቅዳሜ ልሞክረው ስሄድ ጋሽ ሳሕለን ይዤ ሄድኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በእኛ ማኅበር ያለ እሳቸው መኪና አይገዛም፣ አይሸጥም። ዘገዬ ሮጦ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው።

"ይግቡ ጋሼ! እርስዎ እያሉ ማን ፊት ይቀመጣል?"

መሪውን ራሱ ያዘ። እስቲ እኔ ልንዳው ማለት አፈርኩ፤ አላመንኩህም ማለት መሰለኝ። መሐል ካለችው ጠረጴዛ ጋር ተቀመጥኩ። አውቶባን በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈን መኪናችን በሙሉ ወደ እሱ ተሳበ፤ ዘገዬ ከመሪው ጋር ታገለ። አየሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለ ዘገዬ።

"ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ!" አሉ ጋሽ ሳሕለ።

በዚህ ምስክርነት ተጨባበጥን። ውሉን በሳምንቱ ልንፈራረም ተቀጣጠርን።

ቤት ገብቼ ለሀረገወይን ነገርኳት።

"የሚተኛበት ማነው?" አለችኝ።

"አንቺ።"

"ታዲያ ጋሽ ሳሕለ ተኝተው አዩት?"



በሳምንቱ እሷም መጣች፤ ሳንፈርም ልሞክረው አለች። ዘገዬ የተከፋ ፊቱን አወጣ። ያ ፊት ቤተ ክርስቲያን ለመዋጮ ሲለምንም የሚያወጣው ነው።

"እትዬ፣ በሽማግሌ ፊት ተጨባብጠን?"

"ወገቤ አልጨበጠህም" አለችው።

ጋሽ ሳሕለ እንደ ልማዳቸው ጋቢና ገቡ። ሀረገወይን ኋላ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ እኔ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ቀድሜ ማየት የነበረብኝን ያየሁት። አልጋው ከኋላ ጎማው አልፎ ሁለት ሜትር ያህል ተንጠልጥሏል፤ ንጥረቱን የሚያበርደው ባሌስትራም አርጅቷል። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ፊቱ በቀስታ ወጣ፣ ወረደ። ኋላው ግን እንደ ወንጭፍ ተፈናጠረ። ሀረገወይን ከፍራሹ ተነስታ ተመልሳ ወደቀች። የቁም ሳጥኑ በር ተበረገደ።

"አቁም!" ብዬ ጮህኩ።

"ምንም አይደል፣ ትንሽ ጉብታ ናት!" አለ ዘገዬ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉ ጋሽ ሳሕለ ሳይዞሩ፣ "እኛ እንኳ አልተሰማንም።"

አልተሰማንም! የተመቸው ፊት ተቀምጦ ኋላ ላለው ሲመሰክር ስንት ዓመት ሰማሁ! ከሁሉ የከፋው፣ ባለፈው ሳምንት እኔም አጨብጭቤ ተቀብዬዋለሁ።

መኪናው ቆመ። ሀረገወይንን ደግፌ አወረድኳት፤ አጥሩን ይዛ ቆመች፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። የጋቢናውን በር ከፈትኩ።

"ጋሽ ሳሕለ፣ ይውረዱ። ኋላ ይተኙ።"

"ኧረ ነውር ነው!" አለኝ ዘገዬ። "ሽማግሌ ኋላ ይጫናል? ጋሽ እንዳሻው፣ ምን ነካዎት?"

"ነውሩን ስትሸጥ አላየኸውም? ዝም ብለህ ንዳ!"

ጋሽ ሳሕለ ሀረገወይንን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ፊት፣ እሳቸው የነበሩበት ቦታ ተቀመጥኩ። ዘገዬ መኪናውን አዙሮ ያችኑ ጉብታ አለፈ፤ በዝግታ፣ እንደ እንቁላል ጫኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

"ማርያም!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

በሩን ስንከፍት ባርኔጣቸው አንድ ጥግ፣ መነጽራቸው ሌላ ጥግ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ዘጠኝ መኪና አስማምቻለሁ" አሉ። "ዘጠኙንም ፊት ተቀምጬ።"

"ባዶ ስለሆነ ነው ጋሼ" አለ ዘገዬ፣ "ዕቃ ሲጫንበት እኮ ይረጋል።"

"እንግዲያው አንተ ዕቃ ሁንና ተኛበት። እንዳሻው ይንዳ።"

ዘገዬ አልተኛም። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ "ሰው ውለታ አያውቅም" እያለ ሄደ። ልንፈርመው ይዤው የመጣሁትን ውል እዚያው ቀደድኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳክሰንሃውሰን የሚባል ሰፈር አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ግቢ ሄድን። የእሷ መኪና አጭር ነው፤ አልጋው በፊትና በኋላ ጎማዎች መሐል ነው። መሪውን ሳላፍር ጠየቅኩ፣ ሳታመነታ ሰጠችኝ። ሽማግሌ አይታ ለጋሽ ሳሕለ ጋቢናውን ከፈተችላቸው። አለፉት። ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ተጋደሙ፤ ሀረገወይን አጠገቤ ተቀመጠች።

ድንጋይ ንጣፉን አለፍን፣ የትራም ሐዲዱን ተሻገርን። ከኋላ ድምፅ የለም።

"ጋሽ ሳሕለ፣ እንዴት ነው?" አለች ሀረገወይን።

"እኔ አልነግርሽም ልጄ። አስቁሚውና ነይ፣ ራስሽ ተኝተሽ እይው።"