ልጁን አናውቀውም

ሽማግሌዎች ሲመጡ የሴት ልጅ አባት ልጁን አያውቀውም። ቢያውቀውም አያውቀውም። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ቤቱ ምሳ ቢበላም፣ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ቢያውቅም፣ የአባትየውን የደም ግፊት መድኃኒት ስም ከአባትየው ይልቅ አጥርቶ ቢጠራም፣ አባት ያን ቀን ግንባሩን ቋጥሮ «ማን ነው እሱ?» ይላል። ከዚያ ቀጠሮ ይሰጣል። ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይለምናሉ፣ እንደገና ይቀጠራሉ። ደንቡ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ደስ እንደሚለኝ ግን አልክድም።

ስሜ ሀብተሥላሴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ አራተኛ ወለል ላይ፣ ከባለቤቴ ከአስቻለችና ከአንዲት ልጃችን ከፍሬሰላም ጋር እኖራለሁ። ፍሬሰላም ባምቢስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ልጁ ደግሞ ጋዲሳ ይባላል፤ የሊፍት ቴክኒሻን ነው። የሰፈሩን ሆቴሎች ሊፍት ሲጠግን ይውልና እኛ ቤት ሲመጣ አራት ፎቅ በእግሩ ይወጣል። አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም፤ ይሄ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ጋዲሳ ድሬዳዋ ጥሩ ሥራ አገኘ። የካቲት መጀመሪያ ላይ እንዲገባ ተነገረው። ፍሬሰላምና እሱ ጥር ላይ ተጋብተው አብረው ሊሄዱ አሰቡ። ጥር ካለፈ ሁዳዴ ይገባል፣ በጾም ሠርግ የለም፣ እንግዲህ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ታኅሣሥ ላይ ስለነበር ጊዜው ጠባብ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ልጄ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ አንድ ቀጠሮ ብቻ። ማለቴ የአንድ ሳምንት። ከዚያ በቃ፣ እሺ በላቸው።»

«እናያለን» አልኳት።

እውነቱን ልናገር፣ የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ ቆርጬ ጨርሻለሁ። «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ልላቸው ነው። ልጁን ጠልቼው አይደለም። ፍሬሰላም ከሄደች ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና አስቻለች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነን። አምስት ወር ብትቆይልኝ ብዬ ነው። ይህን ለአስቻለችም አልነገርኳትም፤ ብነግራት ትስቅብኝ ነበር።

አሁን ስለ አንድ ዕቃ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ፍሬሰላም ዲጂታል የፎቶ ፍሬም ገዝታ አመጣችና ቡፌው ላይ አቆመችው። ከስልካችን የላክንለትን ፎቶ ተቀብሎ በየአሥር ሰከንዱ እየቀያየረ ያሳያል። ሰው ፊቱ ሲቆም ይነቃል፣ ቤቱ ጭር ሲል ይተኛል። መጀመሪያ ላይ ተቃወምኩ። ፎቶ እኮ ጀርባው ላይ ቀን ይጻፍበታል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ይሄኛው የሠርጌን ፎቶ ያሳይና ቀጥሎ የጎረቤት ድመት፣ ከዚያ የፍሬሰላምን ክርስትና ያመጣል። እንዲህ አድርጎ መዝገብ የሚያደበላልቅ ሠራተኛ ቢኖረኝ ኖሮ በሳምንቱ አዛውረው ነበር። ደግነቱ ወር ሳይሞላኝ ተሸነፍኩ፣ ከሁሉም የባስኩ ላኪም ሆንኩ። «ጎመን ገዝቼ ብገባ ጎመኑን ያነሳዋል» እያለች አስቻለች በየቤቱ ታማኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋዲሳን ምልክት ከቤቱ ማጥፋት ጀመርን። ሶፋው ሥር የሚያስቀምጠውን ነጠላ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትን። ካቻቢቴውን፣ ሹራቡን፣ የሚጠጣበትን ትልቁን ኩባያ ሰበሰብን። ያን ያህል ዕቃ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። በመጨረሻ አስቻለች ፍሬሙ ፊት ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄስ? ግማሹ እሱ አይደለም እንዴ? ንቀለውና አልጋ ሥር አስገባው።»

አልፈለግሁም። እንግዶቹ የልጄን ምርቃት፣ እኔም የምስጋና ወረቀት ስቀበል የተነሳሁትን እንዲያዩ ፈልጌያለሁ። ከንቱነት ነው፣ አውቃለሁ።

«እሺ፣ የሱን የሱን አጥፋዋ» አለች።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሰነድ አያጠፋም። እጁ እሺ አይለውም። መነጽሬን አድርጌ ቁጭ አልኩና በጋዲሳ ስም ፋይል ከፈትኩ፤ ፍሬሙ አልበም ይለዋል። እሱ ያለበትን ፎቶ ሁሉ እየለቀምኩ ወደዚያ አስገባሁ፣ በቀን ቅደም ተከተል አስተካከልኩት። አርባ ሰባት ሆነ። ሥራው ስላማረልኝ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። መጨረሻ ላይ ፍሬሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ፋይሉ ይዘጋ?» ያለኝ መሰለኝ፣ እሺ ብዬ ነካሁት። ፊቱ ጨለመ። ተዘጋ አልኩና አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ጣል አድርጌበት ተነሳሁ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው አቶ መገርሳ፣ የጋዲሳ አጎት፣ ነጭ ጺም ያላቸው ረጋ ያሉ ሰው። ሁለተኛው በጣም ረጅም፣ ሦስተኛው ጥቁር ካፖርት የለበሱ ወፍራም ሰው። አራቱን ፎቅ ወጥተው ሲገቡ ካፖርት የለበሱት ትንፋሻቸው ተቆርጦ ነበር። ፍሬሰላም ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋለች፤ ለዛሬ እሷ አትታይም። እኔና አስቻለች ለክብራችን ብለን ቡፌውን ከኋላችን አድርገን ተቀምጠናል፤ የፍሬሙን ጨርቅ በሩ ሲንኳኳ ገፍፌዋለሁ።

«ቁጭ በሉ» አልናቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ መገርሳ። ይሄም ደንብ ነው። ካፖርት የለበሱት ሶፋውን በናፍቆት አዩትና ተሰልፈው ቆሙ።

አቶ መገርሳ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ስለ ቤቱ መልካም ስም፣ ስለ ልጅቷ አስተዳደግ አወሱና «ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ፣ ልጃችሁን እንድትሰጡን ልንለምን መጥተናል» አሉ። ግንባሬን ቋጠርኩ።

«ጥያቄያችሁን ሰምተናል» አልኩ። «ነገር ግን ልጃችሁን አናውቀውም። መልኩንም አይተነው አናውቅ።»

የረጅሙ ሰው ዓይን ከትከሻዬ በላይ አለፈ። የምስጋና ወረቀቴን አዩ ብዬ ቀና አልኩ።

«የኛ ቤት ደግሞ ማንም ወጣት ዘው የሚልበት ቤት አይደለም።»

አሁን የሦስቱም ዓይን እዚያው ሄደ። ካፖርት የለበሱት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ትከሻቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደረጃው ነው ያሳላቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

«ጠባዩን ማጣራት አለብን» ስል ቀጠልኩ። «ከሽማግሌ ጋር መቀመጥ ያውቃል ወይ? ታላቁን ያከብራል ወይ? ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። አስቻለች፣ ለጋሼ ውኃ አምጪላቸው።»

አስቻለች ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ስትዞር ከቡፌው ጋር ተፋጠጠች። ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሀብቴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እስቲ ዞር በል።»

ዞርኩ። ፍሬሙ ላይ እኔ ነኝ። ጉልበቴን የታመምኩ ጊዜ ነው፤ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ ጋዲሳ ጀርባ ላይ ታዝዬ የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ እየወጣሁ ነው። አሥር ሰከንድ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ተቀየረ። ጋዲሳ የአስቻለችን ሽርጥ አሸርጦ ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል። ተቀየረ። እኔና እሱ ካርታ እንጫወታለን፣ እኔ ተሸንፌ ካርታዬን እየወረወርኩ ነው። ትናንት ፍሬሙ የጠየቀኝ ለካ «ይሄን አልበም ብቻ ላሳይ?» ብሎ ኖሯል። ያንን የመሰለ ፋይል በገዛ እጄ አደራጅቼ ለሽማግሌ አቅርቤያለሁ፣ ያውም በቀን ቅደም ተከተል።

ልንቀለው እጄን ስዘረጋ አቶ መገርሳ ቀደሙኝ።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ ይተዉት። እኛ የመጣነው ልጁን ልናስተዋውቅዎ ነበር። እንግዲህ እርስዎ ያስተዋውቁን።»

ካፖርት የለበሱት ከዚህ በላይ መቻል አልቻሉም፣ ሳቃቸውን ለቀቁት። አስቻለችም ተከተለች። ከወጥ ቤትም የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ብቸኛው ያልሳቅሁ እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ፣ አስተዋወቅኋቸው። ወንበሬን አዙሬ በጣቴ እያመለከትኩ፣ ቀኑን እየጠራሁ፣ ፍሬሙን ወደ መጀመሪያው ፎቶ መልሼ ጀመርኩ። ይሄ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የብርቱካን ከረጢት ይዞ በሩ ላይ ደርቆ ቆሟል፣ ግባ እስክለው አንድ እርምጃ አልገባም። ይሄ ሁለተኛው ወር፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሰሐኑን ብቻ ያያል። ይሄ አምፖል ሲቀይር። ይሄ ፋሲካ፤ ዶሮዋ አምልጣን እኔና እሱ በረንዳ ላይ ከበናት። ይሄ ጉልበቴ ነው፣ አይታችሁታል።

እየተናገርኩ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። ፎቶዎቹን ለየብቻ መቶ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፣ እንዲህ ተከታትለው ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ እሱና ፍሬሰላም ናቸው። ከዚያ ሦስታችን። ከዚያ እየቆየ ፍሬሰላም ትጠፋለች፣ ምክንያቱም ስልኩን ይዛ የምታነሳን እሷ ናት፤ የምንቀረው እሱና እኔ ነን። ፋይሉን በእሱ ስም ከፈትኩት እንጂ ግማሹ የእኔ ፋይል ነበር። እኔ አንድ ልጅ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ የሚሄዱብኝ ሁለት ናቸው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ደግሞም እሱ የካቲት ላይ ብቻውን ቢሄድ፣ ልጄን እዚህ አስቀምጬ እስከ ፋሲካ ፊቷን ሳይ ልኖር ነው? ምን ዓይነት አባት ነኝ አልኩ በልቤ።

አቶ መገርሳ ገብቷቸው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ ደንብ ነውና ቀጠሯችንን ይንገሩን። ለመቼ እንመለስ?»

«ከፋሲካ በኋላ ልላችሁ ነበር» አልኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። አስቻለች ዞራ አየችኝ፣ ሳቋ ጠፍቷል።

«ልጁን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አውቀዋለሁ፣ እንዳያችሁት ነው። የማላውቀው፣ ልጄ ስትወጣ ይሄ ቤት ምን እንደሚሆን ነው። ያንን ፈርቼ ላዘገያችሁ ነበር።» ይህን ለሦስት እንግዳ ሰዎች እነግራለሁ ብዬ አላሰብኩም። «አሁን ግን ቀጠሮ አልሰጥም። አንድም። ዛሬውኑ ቀን እንቁረጥ። የጥር የመጨረሻው እሁድ ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የመጡት ተቀጥረው ሊመለሱ እንጂ እሺ ሊባሉ አልነበረም። ረጅሙ ሰው ቅር ያላቸው መሰሉ።

«እኔ እኮ የሁለተኛውን ቀን ንግግር ነበር የተዘጋጀሁት» አሉ።

«ሠርጉ ላይ ይናገሩታል» አለቻቸው አስቻለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «አሁን እባካችሁ ቁጭ በሉ።»

ካፖርት የለበሱት ንግግሩ ሳያልቅ ተቀምጠዋል።

ፍሬሰላም በሩን ከፍታ ወጣች። ደንብ አልጠበቀችም፣ ቀጥ ብላ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። እኔም አለቀስኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቀና ብለው ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

«እኛ ማንንም አላየንም» አሉ አቶ መገርሳ።

ጋዲሳ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቅ ነበር። አቶ መገርሳ ሊደውሉለት ስልካቸውን ሲያወጡ እጄን ዘረጋሁ፣ ደውለው ሰጡኝ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

«አጎቴ፣ ለመቼ ቀጠሩን?» አለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፤ ተነስቶ ቆመ መሰለኝ።

«ምሳ በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም ጋሼ። ምንም አልገባልኝ አለ።»

ወንድ ልጅ ሽማግሌ የላከ ዕለት የልጅቷ ቤት ደጃፍ አይደርስም። አቶ መገርሳ አዩኝ፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ኮርኒሱ ዞሩ።

«ከየካቲት ወዲያ የእሁድ ምሳ ከማን ጋር እንደምበላ አላውቅም» አልኩት። «ዛሬ ግን እሁድ ነው። ቶሎ ና፤ አንተ ሳትመጣ አንቆርስም።»