ሳያልቅ ስም የወጣለት ፋይል

ዲበኩሉ በክርክር ተሸንፎ አያውቅም። አዳማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የድምፅ ክፍሉን የሚመራው እሱ ነው፤ ምእመናን ከሞጆም ከኩየራም የሚያመጧቸውን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠውም እሱ። ለዚሁ ሥራ የጻፈውን ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽመውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ አብራው የምታገለግለው ሶሲ አንብባ አንድ ነገር ብቻ ነቀፈች።

"ሦስት ፕሮግራም አቀባብለሃል። አንዱ ጥሬውን ድምፅ ያነባል፣ አንዱ ያጠራል፣ አንዱ የፋይሉን መጠን ያሳንሳል። ጥሩ። ግን ውጤቱን ገና ሲጀመር በዋናው ስሙ ነው የምታስቀምጠው። መሀል ላይ ቢቋረጥስ? በጊዜያዊ ስም ይጻፍና ሦስቱም በደህና ሲጨርሱ ስሙ ይቀየር።"

"ሶሲዬ፣ አንቺ እኮ ልጅ ሳይወለድ ከፈን የምትገዢ ሰው ነሽ።"

"የምኖረው አዳማ ነዋ። እዚህ መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄደው።"

ሳቀባት። ስክሪፕቱም እንዳለ ቀረ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ሙሉዬ አንድ ካሴት በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ባለቤታቸው መርዳሳ ሊሞት ሲል የዘመረው ነው። ከመዝሙሩ ቀጥሎ ይናገራል፤ ያኔ በሆዳቸው የነበረችውን ልጅ በኦሮምኛ ይመርቃል። ያቺ ልጅ፣ ገላኔ፣ አሁን ልትዳር ነው።

"ሙሽራ ሳትመረቅ ከቤት አትወጣም" አሉት። "የሚመርቅ አጎት አላጣሁም። ግን አባቷ መርቋት ነው የሄደው። እሱን አሰማልኝ፣ ልጄ።"

ካሴቱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ዞረ፤ ጥሬው ድምፅም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ወደ ኋላ ሲያጠነጥን ግን ቴፑ ክሩን በላው፣ ተበጣጠሰ። ዲበኩሉ አልደነገጠም። ድምፁ ገብቷል፤ ምን ቀረ?

ስክሪፕቱ እየሠራ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ዲበኩሉ እንደገና አስነሳውና ምሳ ወጣ። ስክሪፕቱ የመርዳሳን ፋይል በስሙ ፈለገ፤ መብራቱ ግማሽ ላይ ያቋረጠውን አገኘ። ስሙ ካለ ሥራው አልቋል ማለት ነው፤ ካለቀ ደግሞ ቦታ እንዳይይዝ ጥሬው ይጥፋ። እንዲህ ብሎ ያዘዘው ራሱ ዲበኩሉ ነበር። ኮምፒውተር አይዋሽም የሚል ሰው ሞኝ ነው፤ ያስተማሩትን ውሸት ከሰው ይልቅ በታማኝነት ይደግማል። ግማሹን ሙሉ ብሎ ተቀበለ፣ ሙሉውን አጠፋ፣ በጠፋው ቦታ ላይም ሌሎች መዝሙሮች ደራረበ።

ከምሳ ሲመለስ ነገሩን አወቀ፤ የጠፋውን ከሶሲ ጋር ሆነው ፈለጉ። የለም። ብትሰድበው ይመልስ ነበር፤ መልስ ሞልቶታል። እሷ ግን መፈለጓን ቀጠለች።

እናትና ልጅ ሲመጡ ከፈተላቸው። መርዳሳ በጎርናና ድምፁ ዘመረ፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ።

"ይቀጥላል?" አሉ እትዬ ሙሉዬ።

"አይቀጥልም፣ እትዬ።"

"መብራት ነው?"

የማምለጫውን በር ራሳቸው ከፈቱለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘሎ ይገባበት ነበር።

"መብራት ሄዶ ነበር። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ሶሲ አስጠንቅቃኝ ነበር፣ ሳቅኩባት።"

እትዬ ሙሉዬ የልጃቸውን እጅ ያዙ። "ቃሉን እኔ እነግርሻለሁ፣ ልጄ" አሏት። "ድምፁን ግን ከየት አመጣልሻለሁ?"

ገላኔ ወደ ዲበኩሉ ዞረች። አልተቆጣችም።

"ወንድም ዲበኩሉ፣ ካሴቱ ሲገለበጥ አንተ ሰምተኸዋል አይደል? እኔን ሲመርቅ እንዴት ነበር? ያለቅስ ነበር?"

ካሴቱ ሲዞር ዲበኩሉ ስልክ ላይ ነበር። ሻሸመኔ ካለው የሙያ ጓደኛው ከነጋሳ ጋር የትኛው ማይክራፎን ይሻላል እያለ ይሟገት ነበር፤ የገዛ ድምፁን እንዳይውጥበት ብሎ ድምፅ ማጉያውን ዘግቶታል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ አባት ያልተወለደች ልጁን ሲመርቅ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ማይክራፎን ተከራክሯል። ረትቷልም።

"አልሰማሁትም" አላት።